ከሌላ ሰው ድንጋይ የተወሰደ ስም

ጳውሎስ አካባቢ በመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ደጃፍ ሳልፍ፣ በውሃ እየራሰ የሚቆረጥ እብነ በረድ ሸተተኝና እግሬ ቆመ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አያቴን በቀበርን በወሩ፣ አባቴ እጄን ይዞ እንዲህ ያለ ሱቅ ገባ። ቀራጩ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

"የሟች ስም?"

"ዘነበች።"

"ዘነበች ማን?"

አባቴ የአባቷን ስም አያውቅም ነበር። አያቴ ቤት ውስጥ "እማዬ"፣ ሰፈር ውስጥ "እማማ ዘነቡ" ነበረች። በልጅነቷ ብቻዋን ከገጠር መጥታ ስለ አባቷ አንድም ቀን አላወራችም።

"ጋሼ፣ ሰው የእናቱ አባት ስም ይጠፋዋል እንዴ?" ብሎ ቀራጩ ሳቀ።

አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ወደቆሙት የሌሎች ሟቾች ድንጋዮች ዞረና ከአንዱ ላይ ስም አነበበ። "ዳምጤ። ዘነበች ዳምጤ ብለህ ጻፍ።"

ስንወጣ፣ "አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃት!" አለ። ያልጠየቃት የሆነ ዕቃ የት እንዳስቀመጠች መስሎኝ ነበር።

አባቴም ካረፈ ቆየ። ሽታው ዛሬ እስኪያስታውሰኝ ድረስ ይህን ሁሉ ረስቼ፣ ያንን ድንጋይ አምኜ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ የዳምጤን ዘመዶች ስንፈልግ ኖረናል። እውነተኛውን ስም የምጠይቀው ሰው ከእንግዲህ የለኝም።

እዚያው እንደቆምኩ የአክስቴ ልጅ ከሸጎሌ ደወለች። "የዳምጤን ወንድም ልጅ አገኘኋቸው! 'የአጎቴን ዘር ሳላይ አልሞትም' እያሉ ያለቅሳሉ። በቃ፣ አሁኑኑ ነይ!"

"እሺ" አልኳት። የድንጋዩን ነገር ሳልነግራት ስልኩን ዘጋሁት።