ኔሮን በአባቶች ሩጫ

ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ቀናተኛ ሰው ነኝ። በሚስት አይደለም፣ በቤትና በመኪናም አይደለም። የምቀናው በሩጫ ነው፤ ያውም በቤተ ክርስቲያናችን ሽርሽር ላይ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ዛፍ በሚሮጥ የአባቶች ሩጫ።

በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ሰኞው በዓል ሲሆን፣ ምእመኑ ሁሉ ሬንተን ሐይቅ ዳር ይወርዳል። ይዘመራል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ከምሳ በፊት ደግሞ አባቶች ይሮጣሉ። ከልጆቹ አንዷ ለአሸናፊው ሜዳልያ ታጠልቅለታለች። አራት ዓመት በተከታታይ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ነው የምውለው፣ አንዱ ጉልበቴም ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያውቃል። ከኋላዬ የሚቀሩት ደግሞ አርባ ያልሞላቸው ናቸው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም። ጸጋ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት።

ያለፈው መስከረም ላይ ኖርዝጌት አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ወደ ጉባኤያችን መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰላም ሲል በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቷ የሩጫ ቡድን ውስጥ ገብታ ነበር። አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይህ ሰው ስትሮጥ ክንዷን እንዴት እንደምታወዛውዝ አሳያት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «ጋሼ እንዲህ አለኝ»፣ «ጋሼ እንዲህ አድርጊ አለኝ» ብቻ ሆነ። አራት ሜዳልያ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን እኔን አባቷን ግን ስለ ክንዷ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይለምናል፤ ለዚያ ሰው ልመናው ሰምሮለታል።

የሽርሽሩ ኮሚቴ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ። ሰኞ የእሱ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ግን ገበያው የሚደራበት ቀን ነው። ስለዚህ በስብሰባው ላይ «ዘንድሮ ቅዳሜ ብናደርገው ምን ይመስላችኋል? ሰኞ ሥራ የሚገቡ ወገኖች አሉ» አልኩ።

«ኦኬ፣ እርስዎ ካሉ ቅዳሜ ይሁን» አሉ። አንድም የተከራከረኝ የለም። ስብሰባውን በጸሎት የዘጋሁትም እኔው ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ማውንትሌክ ቴራስ ባለው ቤታችን፣ ልጄ ለትምህርት ቤት የጻፈችውን ጽሑፍ ልትለማመድ ወጥ ቤት ውስጥ ፊቴ ቆመች። ስለ ክፉ የሮም ነገሥታትና ስለ ጥንቱ የስፖርት ውድድር ነው። ኔሮንን እኔ የማውቀው ሐዋርያትን በማስገደሉ ብቻ ነበር። እሷ ግን በውድድር ላይ ራሱ ሠረገላ የሚነዳ ሰው አድርጋ አመጣችው። ለእሱ ጉዞ እንዲመች ሲል የኦሊምፒክን ጊዜ አስለወጠ አለች።

ሻዬን አስቀመጥኩ። «ምን አስለወጠ?»

«ዴቱን ሙቭ አስደረገ፣ ዳዲ።»

ከዚያ ኔሮን አሥር ፈረስ በተጠመደበት ሠረገላ ሲወዳደር ወደቀ። አንሥተው መለሱት፤ ያም ሆኖ አልጨረሰም። አክሊሉን ግን ለእሱ ሰጡት። ኮሞዶስ የሚባል ሌላ ንጉሥ ደግሞ ራሱ ሜዳ ገብቶ ይታገል ነበር፤ የገጠሙት ሁሉ እጃቸውን ይሰጡታል። ኔሮን ሲሞት የዚያ ጊዜ ድሉ ከመዝገብ ተሰረዘ ብላ ጨረሰች።

«ለመሆኑ በሕይወት ሳለ እውነቱን የነገረው ሰው አልነበረም?»

«ማን ይነግረዋል?» አለችና ትክ ብላ አየችኝ። ምስጋና የምትጠብቅ መስሎኝ «ጎበዝ» አልኳት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰውየው አይመጣም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጫማዬን ሳስር፣ እያለከለከ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ዘገየሁ። ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት፤ ከእርስዎ ጋር ሳልሮጥማ አይሆንም።» ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አምስት ሆነን ሩጫው ተጀመረ። ከመነሻው ጀምሮ የማየው የሰውየውን ጀርባ ብቻ ነበር። መጨረሻው ክር ጋ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስር ጀመር። ማሰሪያው አልተፈታም። ወደ ግራዬ ዞርኩ፤ አንዱ ጭኑን ይዞ ያነክሳል። በስተቀኜ ያለው ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን ይዳስሳል። አራተኛው ሳቅ ይዞት ቆሟል። ይህንን ሁሉ በየዓመቱ አይቻለሁ፤ «የዘንድሮ ወጣት!» እያልኩ አዝንላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ከሠረገላው ወድቆ አክሊል የተቀበለው ሰውዬ ፊቴ ድቅን አለ። ቆምኩ። እነሱም ቆሙ።

«ይለፉ እንጂ ጋሼ!»

«አንተ ነህ የቀደምከው፤ እለፍ።»

«ኧረ አይደረግም! እርስዎ እያሉ?»

ምሳ የተጠሩ እንግዶች በር ላይ እንደሚገባበዙት አምስት ሰው ክሩ ፊት ተገትረን «ይለፉ፣ እለፍ» እንባባላለን። ልጆቹ «ጎ! ጎ!» እያሉ ይጮሃሉ። በመጨረሻ ወገቡን ይዤ ገፈተርኩት፤ ክሩን በደረቱ በጠሰው። እውነተኛ ሆኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ በንዴት ነው ያደረግኩት። የቀሩት ሦስቱ ሁለተኛ እንድወጣ አሁንም ቆመው ይጠብቁኛል። ምን ላድርግ፣ አለፍኩ።

ሜዳልያ ለማጥለቅ ተራው የልጄ ነበር። አጠለቀችለትና እየሳቀች አቀፈችው። ሜዳልያውን ከለቀቅኩለት ቅናቴ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደም። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ዳዲ፣ ለምን ፑሽ አደረግከው? እኔ እኮ ጋሼን ጠይቄው ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«አዲስ ስለሆነ አያውቅም፣ ሶ ነገርኩት። አባቴ ከተሸነፈ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ አያናግረንም አልኩት።»

ጎንበስ እያለ በሁለት እጁ የጨበጠኝ ይህን እያወቀ ነበር። ሜዳልያው ከልቤ ወጣ። ልጄ ስለ እኔ ለእኔ ያልነገረችኝን እውነት፣ ለእሱ ነግራዋለች።