ጉልበት ያስሳሟት ልጅ

ባለፈው እሑድ እዚሁ አሰላ አንዲት ወዳጄ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። እጃችንን ያስታጠበችን ስምንት ዓመት እንኳ የማይሞላት ልጅ ናት፤ ለትምህርት ከገጠር የመጣች ዘመድ ነች አሉኝ። «ቁጭ በይና ብዪ» ስላት መጀመሪያ የወዳጄን ፊት አየች። ወዳጄ ሳቅ ብላ፣ «ተያት፣ ጨዋ ናት፤ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም» አለችኝ። ይህችን ምስጋና አውቃታለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ የባላቸውን የእህት ልጅ ሎሚን «አስተምራታለሁ» ብለው ከጢቾ አመጧት። ትምህርቱ ወዲያው ቀረ። ሰፈሩ ግን ልጅቷን አድንቆ አይጠግብም ነበር። ቀና ብላ ሰው አታይም፣ ሲጠሯት በሩጫ ትመጣለች፤ እናቶቻችን ሲቆጡን «ሎሚን አታዩም?» ይሉናል። ጥር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ እሷ ወፍራም ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ትዞራለች። ከበቆጂ የተላከልንን ጭኮ፣ ያን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ እናቴ ስትሰጣት ፊታችን አትበላም፤ በጨርቅ ቋጥራ ብብቷ ውስጥ ትከተዋለች። «ይሉኝታዋ!» ይባል ነበር። የምን ይሉኝታ! ልጅቷ ተርባ ነበር፤ ራት ስትከለከል የምትበላውን ነበር የምትደብቀው።

አንድ ቀን የቦኖ ውሃ ልንቀዳ ተሰልፈን ጄሪካኗን ስታነሳ እጅጌዋ ተሰበሰበ። ክንዷ ላይ ያልዳነ ቃጠሎ ነበር፤ ከጎኑም የቆየ ጠባሳ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ወድቄ ነው» አለች፣ እጅጌዋን እየጎተተች።

መውደቅ ሰውን አያቃጥልም። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴም ሄዳ እትዬ በላይነሽን አፋጠጠቻቸው። ሴትየዋ ስሜ ጠፋ ብለው ቡራ ከረዩ አሉ፤ ነገሩ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ደረሰ።

ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ሴቶች ለማስታረቅ ተሰበሰቡ። እትዬ በላይነሽ «ብቀጣትም ለራሷ ብዬ ነው» አሉ፤ ራስ ሁሉ ተነቀነቀ። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሎሚ ዞረው፣ «በይ ልጄ፣ አክስትሽን አስቀይመሻል፤ ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አሏት።

ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የተቃጠለችውም እሷ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እሷ!

ሎሚ ጎንበስ አለች። እትዬ በላይነሽም እንደ ወጉ ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ በሁለት እጆቿ ፊቷን ከልላ መሬት ላይ ኩርምት አለች።

እናቴ ብድግ ብላ፣ «ይኸው አያችሁ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?» አለቻቸው። ሎሚን እኛ ቤት አሳደረቻት፤ በማግስቱ በመኪና ጢቾ ወስዳ ለወላጅ እናቷ አስረከበቻት። እናትየው ሹራቡን ገልጣ «ኢንታላ ኮ! ልጄን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት እናቴ እስክትሞት ድረስ ከጆሮዋ አልጠፋም።

ይህ ሁሉ ባለፈው እሑድ ገበታው ላይ መጣብኝ። ፍርሃትን ጨዋነት እያልን የምናሞግሰው እስከ መቼ ነው? ጠቅልዬ ትንሿን ልጅ ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ።

ፊቷን ከለለች።

«አፍራ እኮ ነው» አለች ወዳጄ።

«አላፈረችም» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ እንደምናገርም እዚያው ፊት ለፊት ነገርኳት። ወዳጅነታችን ከዚያ ምሳ ወዲያ አልዘለቀም። አይዝለቅ!