በጓንት ፋንታ ዱዓ

ጥፋቴን ልናገር። የሆስፒታላችን የጽዳት ሠራተኞች ኃላፊ ነኝ። ወፍራም ጓንት እንደሌለ እያወቅሁ፣ ጠዋት ጠዋት ዱዓ አድርጌላቸው ያገለገለ መርፌ ወደሚጠራቀምበት ክፍል አስገባቸዋለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከዱዓ ሌላ መጠጊያ የለኝም። አለቃዬን የመጋፈጥ ፍርሃቴንም በእሱ ሸፈንኩት።

ዛሬ ከሠራተኞቼ አንዷን፣ ዘይነባን፣ መርፌ ወጋት። የምታጠባ እናት ናት። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት መከላከያ መድኃኒት ጀምራለች፤ መጨረሻውን አላህ ይወቅ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ዱዓዎ መርፌ አይመልስም እንዴ?» አለችኝ እያለቀሰች።

ሄጄ ጓንት ስጠይቅ ሥራ አስኪያጃችን «በጀት የለም፣ ታገሱ» አሉ። ለአዳራሹ መጋረጃ ግን በጀት ነበረ። ሠራተኛን ከጉዳት መጠበቅ በሕግ የእሳቸው ግዴታ ነው።

በሌላ ሆስፒታል የምትሠሩ፣ እናንተ ጋስ እንዴት ነው? ወላሂ ጨንቆኛል፣ ንገሩኝ።

ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። «ጓንት ሳይመጣ አንዲትም ሴት አላስገባም» ብያቸው ወጣሁ።