ፈረንሳዊቷና የፍርግርጉ ማዶ ጎረቤታችን

ልጅ ሳለሁ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር ውስጥ፣ መብራት የሚጠፋባቸውን ምሽቶች እናፍቅ ነበር። አጎቴ ደሳለኝ ስፓዛችንን፣ ትንሿን ሱቃችንን፣ በጊዜ ይዘጋና ፋኖሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ተረት ይነግረኛል። አገር ቤት ሳለ ሆሳዕና ከተማ አስተማሪ ስለነበር የጅብና የጦጣ ተረት አይሆንለትም፤ የሚያወራው ስለ አንዲት ፈረንሳዊት ፈላስፋ ነበር። የሠራተኛን ድካም ከመጽሐፍ ማወቅ አይበቃም ብላ ማስተማሯን ትታ ፋብሪካ ገባች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በስደት ታማ ተኝታ እንኳ አገሯ ላይ የተራቡት ከሚደርሳቸው በላይ አልበላም አለች። ለእሷ ትልቁ ስጦታ ሰውን ምን ሆነሃል ብሎ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ነበር። ያኔ የጎረቤቶቻችን የከሰል ጭስ እየገባ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም አንዲት ቃል አታመልጠኝም ነበር።

እኛ የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። ከተዘረፍን ወዲህ፣ ከመሸ በሩ አይከፈትም።

አንድ ምሽት ዝናብ እየወረደ፣ አጎቴም ፈረንሳዊቷ ምግብ እምቢ ያለችበት ላይ ደርሶ ሳለ፣ ፍርግርጉ ተንኳኳ። ጠዋት ጠዋት ከእኛ ዳቦ የምትገዛ አሮጊት የልጅ ልጇን አዝላ ቆማለች።

«ደሳለኝ፣ ጣሪያዬን ነፋስ ወሰደው። ልጁ እስኪሞቀው አስገባን።»

«ይቅርታ ጎጎ፣ ከመሸ አንከፍትም» አላት፤ አሮጊቶችን ሁሉ እንደ አገሩ ሰው ጎጎ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ ነበር የሚላቸው። ብርድ ልብስና ወተት በፍርግርጉ አሾልኮ ሰጣት። እሷም ከቆርቆሯችን ጥግ ተጠልላ ቆመች፤ የልጁ ሳል ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩት፣ ተረቱን እንዲቀጥልልኝ።

«ለዛሬ ይብቃን» አለ፣ ፊቱን ከፋኖሱ አዙሮ። የምወደው ሰው ሲያፍር ያየሁት ያኔ ነው፤ እኔም አብሬው አፈርኩ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ አሮጊቷ ብርድ ልብሱን አጥባ፣ አድርቃና አጣጥፋ አመጣችው። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀበላት።

«ስምዎ ማን ነው?» አላት።

«ኖምሳ። ነግሬህ ነበር እኮ» አለችው፣ ቅር ሳይላት።

ቅር ቢላት ይሻለን ነበር።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ስለዚያች ፈላስፋ ስንማር ጓደኞቼ ያደንቋታል፤ እኔ ፊቴ ይግላል። አጎቴን በሩን ስላልከፈተ አልወቅሰውም፤ የተዘረፈ ሰው መፍራቱ አይፈረድበትም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ኖምሳ በየማለዳው በስሙ እየጠራች ሰላም ስትለው ኖራለች፤ እኛ ግን አጎትና ልጅ ተቀምጠን የፈረንሳዊቷን ስም ከነአባቷ አሳምረን እንጠራ ነበር።