ሲስተር ጥድፊያና ያላለቀው ጥጥ

ሲስተር ጥድፊያ ያልናት እኛው የሥራ ባልደረቦቿ ነን። ወንበር ጠላቷ ነው። ሻይ ቆማ ትጠጣለች፣ ስታወራ አንድ እግሯ ኮሪደር ላይ ነው፣ ስትስቅ እንኳ እየሄደች ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለን ስንተርባት፣ «እናንተ ቁጭ ብላችሁ ያፈሰሳችሁትን ማን ለቀመው?» ትለናለች። እውነቷን ነው። እሷ ተረኛ በሆነችበት ቀን የደረቀ ከንፈር፣ የረጠበ አንሶላ አይገኝም።

የምንሠራው ሐኪሞች «ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው» ያሏቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። አልጋው አጠገብ ስትደርስ ያቺ ችኩል ሴት የለችም። መዳፏን አሻሽታ ሳታሞቅ ሰው አትነካም። ራሱን የሳተ ሰው እንኳ ሳትነግረው አታገላብጥም። «አባባ፣ ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው፤ ትንሽ ያምዎታል፣ ይቅርታ» ትላለች። አንድ ቀን «አይሰሙሽም እኮ» ብላት፣ «አንቺስ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

መስኮቱ ጥግ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ገቡ። ካንሰሩ አጥንታቸው ድረስ ዘልቋል። ፀጉር ሠሪ የሆነችው አንድያ ልጃቸው ሥራዋን ዘግታ አጠገባቸው ከተመች። ገና በገቡ ማግስት ሲስተር ጥድፊያን ኮሪደር ላይ ይዛ፣ «አደራ፣ እንደማትድን እንዳትነግሪያት፤ ትደነግጥብኛለች» አለቻት። ያንኑ ዕለት ከሰዓት ደግሞ እናትየው እጇን ሳብ አድርገው፣ «እንደማልድን አውቃለሁ፣ ልጄ። እሷ ግን ሥቃዩ ሲይዘኝ እንዳታየኝ። ሰው ሲታመም አብራ ነው የምትታመመው። ሲነሳብኝ የሆነ ነገር ፈልገሽ ላኪልኝ» አሏት። ሲስተር ጥድፊያ ለሁለቱም እሺ አለች።

ምልክታቸው አንሶላውን ጨበጥ ማድረግ ነበር። እሳቸው ሲጨብጡ እሷ፣ «ውይ፣ ጥጥ አለቀብን!» ትላለች፤ ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወደ መድኃኒት ቤት ትበራለች። ማስታገሻው እስኪይዛቸው እናትየው ያቃስታሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ሲስተር ጀርባቸውን ደግፋ ትይዛለች። ልጅቷ ስትመለስ ፊታቸው ታጥቦ፣ ሻሻቸው ተስተካክሎ ፈገግ ብለው ይጠብቋታል። «ዛሬማ ደህና ነሽ!» ትላለች ልጅ። «ደህና ነኝ» ይላሉ እናት። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ስለ ፀጉር ቤቱ ደንበኞች ያወራሉ። ቁም ሳጥናችን በጥጥ ተሞላ። «ፍራሽ ልትሰፊ ነው?» ብዬ ቀልጄባታለሁ።

ሕመሙ ግን እየተደጋገመ መጣ፤ የልጅቷም ቀን መንገድ ላይ ያልቅ ጀመር። የእናትየው ድምፅ መሳሳቱን የሰማችው ሲስተር ጥድፊያ ናት። ይኼን እኛ ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ድምፅ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል። መድኃኒት መደርደሪያው ጋ መጥታ ያዘችኝ። አንዱን ብልቃጥ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ እንደገና ታነሳለች።

«እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሊለያዩ ነው» አለችኝ። «የማባርራት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ቃል ገብተሻል» አልኳት። እኔ የሰው ቤት ምስጢር ውስጥ እጄን ማስገባት አልወድም።

«ለሁለቱም ነው የገባሁት! ነገ ልጅቷ ባዶ አልጋ ስታገኝ ቃሌን ታቅፋ ትተኛ?»

በማግስቱ ጠዋት እናትየውን ስታጥብ ነገረቻቸው። «እማማ፣ ምስጢርዎን አላወጣም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎን አልዋሻትም። መውጣት ከፈለገች ራሷ ትውጣ።» እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲስተር ቀኑን ሙሉ ተቅበዘበዘች፤ የተነጠፈ አልጋ ስታነጥፍ አየኋት። እኔም ባለፍኩ ቁጥር በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ ሳይ ዋልኩ። ልጅቷ ሸሽታ ብትቀርስ?

ከሰዓት ላይ እናትየው አንሶላውን ጨበጡ።

ልጅቷ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። ሲስተር ጥድፊያ ግን ማስታገሻውን መቅዳቷን ቀጠለች።

«ጥጥ...» አሉ እናትየው ራሳቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ጥጥ ሞልቷል፣ እማማ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «እህቴ፣ እናትሽን በጣም አሟቸዋል። መድኃኒቱ እስኪይዛቸው ጊዜ ይወስዳል። መውጣትም ትችያለሽ፣ መቆየትም።»

ልጅቷ እስከ በሩ ሄደች፤ እጀታውንም ያዘች። እኔ ከውጭ ቆሜ በመስታወቱ ፊቷን አየዋለሁ። የዚያን ያህል የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። እናትየው ድምፅ አውጥተው አቃሰቱ። እጀታውን ለቀቀችና ተመለሰች።

«የት ጋ ልያዛት?» አለች።

ሲስተር ጥድፊያ የልጅቷን ሁለት እጆች በራሷ መዳፎች መሃል አሻሽታ አሞቀችና የእናትየው ጀርባ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወጣች። ኮሪደሩን ከዳር ዳር እየተመላለሰች ስታለቅስ ማንም አላስቆማትም፤ እያለቀሰችም ቀጥሎ ያለው ክፍል ገብታ አንድ አባባን አገላበጠች።

ማስታገሻ ለመድገም ስገባ እናትየው ጋብ ብሎላቸው ነበር።

«እማ፣ ታውቂ ነበር እንዴ?» ትላለች ልጅቷ።

«ከአንቺ በፊት። አንቺ ስትዋሺ አፍንጫሽን ታሻሻለሽ፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ልጅቷ ግንባራቸው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ብዙ ቆየች።

«እማ፣ ትፈሪያለሽ?»

«በጣም። ሂጂ ብልሽ እንኳ እንዳትሄጂ።»

በማግስቱ ሕመሙ ሲነሳባቸው «ሂጂ» አሏት። ልጅቷ ወንበሯን አስጠጋች።