በመቶው ውስጥ ያልገባችው ሳጥን

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የሆነ ነገር ነው። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ቆሽቴ ያራል። ሰው "በቃ እርሺው" ይለኛል። እንዲህ የሚሉኝ ያን ቀን ደረጃው ላይ ያልነበሩ ናቸው።

ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ካርድ ክፍል የመዘገበው ሐኪሙ ዘንድ ይታያል፣ ላብራቶሪ ያወጣው ውጤት ሐኪሙ ስክሪን ላይ ይመጣል። ይህን የሚያገናኙት በየፎቁ የተሰቀሉ ስዊች የሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። አንዷ ከሞተች ያ ክፍል ከሌላው ይቆረጣል። መሞቷን የምሰማው ደግሞ አንዱ ደውሎ ሲቆጣኝ ነበር።

ስለዚህ ኔትወርኩን ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሶፍትዌር ይገዛ ብዬ ለመንኩ። አንዱ ዕቃ ሲጠፋ ወዲያው ስልኬ ላይ የሚጮህ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው የኔ ነገር። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተፈቀደና "ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ" ተባለ።

የኛ ግዢ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ የእናንተም መሥሪያ ቤት ያው ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይመጣል፣ ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ትንሹ ዋጋ ያሸንፋል። የግዢ ኃላፊያችን አቶ ጌታቸው ዕድሜያቸውን ወንበርና ወረቀት ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም። "ስንት ነው የምትፈልጊው?" አሉኝ። "ለመቶ ዕቃ የሚበቃ" አልኳቸው። በሦስቱም ሻጮች ትይዩ "ብዛት፦ 100" ብለው ጻፉ። የምን መቶ እንደሆነ ሠንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም።

የሦስተኛው ሻጭ ዋጋ ከሁለቱ በግማሽ ያንሳል። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ። የሁለቱ ወረቀት "መቶ ዕቃ" ይላል። የሦስተኛው ግን ከመቶው ጎን "ሴንሰር" የሚል ቃል ነበረበት። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ሻጩ ጋ ደወልኩና ይበቃናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አይዞሽ እህቴ፣ ከበቂ በላይ ነው፣ ከእናንተ የሚበልጡትም የያዙት እሱን ነው" አለኝ። ሴንሰር ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የአይቲ ሰው ሆኜ ይሄን አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ደግሞ ዶላሩ ስለማይጨበጥ ፕሮፎርማው የሚያገለግለው ለሦስት ቀን ብቻ ነው። አቶ ጌታቸው ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው "ፈርሚ ልጄ፣ ነገ ዋጋው ይቀየራል" አሉኝ። ፈረምኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ሶፍትዌሩ በተጫነ በመጀመሪያው ቀን "ላይሰንስዎ ሞልቷል" አለኝ፣ የገዛነው መቶ አለቀ ማለት ነው። አራት ስዊች እንኳ በቅጡ አላስገባሁም። ገብቼ ሳይ ለካ የሚቆጥረው ዕቃውን አይደለም። ዕቃው ላይ የሚያየውን እያንዳንዱን ነገር ነው፣ ሴንሰር ማለትም ያ ነበር። ስዊቿ መብራት አላት ወይ፣ አንድ። ሞቃለች ወይ፣ ሁለት። ከዚያ ገመድ የሚሰካባት ቀዳዳ ሁሉ ለየብቻው፣ ሃያ አራቱም። በር ላይ የቆመ ጥበቃ ሰውዬውን አንድ፣ ኮፍያውን ሁለት፣ ጫማውን ሦስት ብሎ ሲቆጥር አስቡት።

ደሜ ፈልቶ ሻጩ ጋ ደወልኩ። ዓይኑን በጨው አጥቦ "ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ እህቴ፣ ሁለት መቶ ሴንሰር ልጨምርልሽ?" አለኝ። የጭማሪው ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር ሲደመር፣ ውድ ነው ብለን ከጣልነው ይበልጣል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የማያስፈልገውን ሰርዤ ለሚያስፈልገው ላብቃቃ ብዬ ተነሳሁ። ይቻልም ነበር። ግን ሥራ አስኪያጁ ያን ሰሞን አዲሱን ሶፍትዌር ለቦርድ አባላት ሊያሳዩ ቋምጠዋል። የእሳቸው ፎቅ ኢንተርኔትና የግቢው ካሜራዎች ከነግራፋቸው በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ እንዲታዩ አዘዙ። "ይሄን እንዳትነኪብኝ" አሉኝ። ከመቶው አብዛኛው እዚያ ላይ አለቀ። የተረፈውን ለካርድ ክፍል፣ ለድንገተኛና ለፋርማሲ አዳረስኩ። የላብራቶሪዋ ስዊች ከጓሮ ባለው ሕንፃ ብቻዋን የተሰቀለች ናት። ለእሷ አልተረፈም። የሚጠበቁትን ዕቃዎች ዝርዝር ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ተጨማሪ ይገዛ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። አቶ ጌታቸው መልሱን በቃል አመጡልኝ። "መቶ ይበቃል ያለችው እሷ ራሷ አይደለችም ወይ፣ ነው ሥራ አስኪያጁ የሚሉት" አሉኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መብራት ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። ስልኬን አየሁ፣ ምንም አልጮኸም። ተመስገን ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ያን ጠዋት ጴጥሮስ የሚባል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ባለቤቱን አስቴርን ይዞ መጥቶ ነበር። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ደም ይፈሳታል። ደሟ ተወስዶ ላብራቶሪ ገባ። ሐኪሟ ውጤቱን ስክሪኗ ላይ ትጠብቃለች። ላብራቶሪ ውጤቱን መዝግቦ ወደ ቀጣዩ ታካሚ አልፏል። በመሃል የጓሮዋ ስዊች መብራት ሲመለስ አልተነሳችም፣ ውጤቱም ከዚያ ሕንፃ አልወጣም። ጴጥሮስ ሐኪሟ ጋ ሲሄድ "አልደረሰንም" ይሉታል። ላብራቶሪ ሲሄድ "ልከናል" ይሉታል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ሲያመላልሱት ቆዩ።

ደረጃው ላይ ያገኘሁት ያኔ ነው። ባጄን አይቶ አስቆመኝ። የሸሚዙ እጅጌ ደም ነክቶታል። "እህቴ፣ የዚህ ቤት ሰው ነሽ አይደል? የባለቤቴ የደም ውጤት ከላብራቶሪ ወጥቷል ይላሉ፣ ሐኪሟ ደግሞ አላየሁም ትላለች። የት እንዳለ ብቻ ንገሪኝ፣ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህብኝ በስንት ጣዕሙ።

"ላብራቶሪ" የሚለውን ስሰማ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሮጥኩ። ውጤቱን እዚያው ወረቀት ላይ አሳትሜ፣ ደረጃውን እየዘለልኩ ለሐኪሟ ሰጠኋት። አይታው ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋጀው?" አለች። መልሴንም ሳትጠብቅ አስቴርን ደም እንዲሰጧት አዘዘች፣ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍልም ይዘዋት ገቡ።

እሷ ተረፈች። ጽንሱ አልተረፈም።

ሐኪሟ በኋላ ላይ ውጤቱ በጊዜ ቢመጣም ጽንሱ ላይተርፍ ይችል ነበር አለችኝ። ይችል ይሆናል። ያንን አንድ ሰዓት ግን ማን ነው የሚመልሰው?

ከዚያማ ስብሰባ ተጠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሠንጠረዡን ማንም አላነሳም፣ ቴሌቪዥኑንም ማንም አላነሳም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ጭማሪው ላይሰንስ በማግስቱ ተገዛ፣ ያለ አንድም ፕሮፎርማ። ለካ ይቻል ነበር። እስከዛሬ የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነው።

ወር ካለፈ በኋላ ጴጥሮስ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ራሱ የሠራው ነጠላ ነው። "አስቴር ናት ውሰድላት ያለችኝ። ያን ቀን አንቺ ባትሮጪ እሷንም አጥቼ ነበር። ጌታ ይባርክሽ" አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ያቺን ሳጥን ከዝርዝሩ ያስቀረኋት እኔ ነኝ ልለው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። "አልቀበልም" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፣ ናቀችኝ ብሎ ነው መሰለኝ። ተቀበልኩት።

አሁን ሻጭ ሲመጣ "የምትቆጥሩት ምኑን ነው?" ብዬ አሥር ጊዜ እጠይቃለሁ፣ ሳላፍር። አቶ ጌታቸውም ሠንጠረዣቸው ላይ "የምን ብዛት" የሚል አንድ መስመር ጨምረዋል። ሻጩን ባገኘው የምለውን አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑ ሥር ባለፍኩ ቁጥርም እናደዳለሁ።

ነጠላው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከነፌስታሉ ተቀምጧል። እናቴ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንነሳ "ምነው እንዲህ ያለ ጥለት እያለሽ አትለብሺውም?" ትለኛለች። በሌላው ሁሉ ላይ ስቆጣ ቃል አያጥረኝም። ለእሷ ግን አሮጌውን ነጠላዬን እየለበስኩ "እንሂድ፣ ረፈደ" ነው የምላት።