ወርቁን አውጪ

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል ጎተራ ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳው ጤፍ ጤፍ ይሸታል። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ።

ጥፋቴ? ቤቴ ቁጭ ማለቴ። ተማሪዋ ልጄ ለክረምት መጥታ ልብ ወለድ ታነብልኛለች፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና የፎቶ መጽሐፏን አገላብጣለሁ። ባሕር የሚባለውን ያየሁት እዚያ ላይ ነው። አገር ለአገር ስዞር የኖርኩ ሰው፣ ውኃ እንዲህ ዳር ሲያጣ አይቼ አላውቅም። ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጄ ደስ ያላትን ቃል በቀይ አሰመረችና በቃሌ እስክይዘው ደጋገመችልኝ፤ ከዚያ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ፖሊሶቹ የመጡት ያኔ ነው። ያን ሰሞን ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ይታደኑ ነበርና፣ መጽሐፎቹ የማን ናቸው ሲሉኝ የእኔ ናቸው አልኩ።

በማግስቱ መቶ አለቃው ፊት አቆሙኝ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ወርቅ የሌለው ቃል የለም። ልብ ወለዱን ቀይ የተሰመረበት ላይ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ የአንቺ ከሆነ ይህችን አንብቢ አለኝ። ቁልቁል እያየሁ ልጄ እንዳለችው አወረድኩት፤ «ዝናቡ ይመጣል፤ አቧራውም ይታጠባል።» እሱም በጣቱ ይከተለኝ ነበር።

«ሰሙን ሰማን። ወርቁን አውጪ።»

«ወርቅ የለውም ጌታዬ። አቧራ አቧራ ነው።»

«አቧራው መንግሥት ነው፤ አትደብቂኝ።»

«እሱን ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ጥግ የተቀመጠው ጸሐፊ ብዕሩን አነሳ። «ልጻፈው ጌታዬ?»

መቶ አለቃው መጽሐፉን ጠረቀመው። ለዚያች መልሴ ሦስት ሳምንት ጎተራው ውስጥ ሰነበትኩ። ልጄን ግን ማንም አልጠራት።

የተፈታሁ ዕለት ሂጂ ሲሉኝ በሩ ላይ ቆሜ መጽሐፎቼን አልኩ። ተቃጥለዋል አሉኝ። ባሕሩም? አልኩ። ሳቁ። ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ሳቁን ተዉት።

ጸሐፊው እስከ ውጭ ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ሌላ ጊዜ ሲያነቡ መጽሐፉን ወደ ራስዎ ያዙሩት» አለኝ። ለካ ገጹ ፊቱን ለመቶ አለቃው ሰጥቶ ኖሯል። ፎቶ ቢሆን መዘቅዘቁን ባወቅሁ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ባሕሩን በስልክ ያሳዩኛል። ያምራል፤ ግን የእኔው አይደለም። እኔም እዚያ በር ላይ እንደቆምኩ ነኝ፤ ባሕር የሚያቃጥል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?